ከጎንደር በላይ ያለው አቀበት

ይድረስ ብስክሌት ከሰው ይበዛል በሚባልበት በባሕር ዳር ለሚኖረው ለወንድሜ ለአንሙት አሻግሬ።

እንዴት ከርመሃል ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ያ በብርድ የሚጠዘጥዝህ ቀኝ ጉልበትህ ቆላ ወርዶ ተሻለው ወይስ ሙቀት ለምዶ ሰነፈ? የምትተኛበት ቤት ጣራው አያፈስም? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? ይህን የመጨረሻውን ጠይቂው ያለችኝ እማዬ ናት፤ እኔማ መብላትህን ጠርጥሬ አላውቅም። ከራስ ፀጉርህ እስከ ብስክሌትህ ካላማዳሪ ድረስ ሁሉም በየተራው ሰላም ይሁንልኝ።

እኛ በቸሩ ፈጣሪ ፈቃድ አለን። ብርዱም አለ። ገብሱ እየታጨደ ነው። ላሚቱ ልክ ጾም ሲገባ ወለደች፤ ስለዚህ ወተቱን የምትጠጣው ትንሿ እህታችን ሲሲ ብቻ ናት፣ ሌሎቻችን እያየን እንጸድቃለን። አያታችን አባባ ያርጋል «ዘንድሮስ ክረምቱን አላልፈውም» ሲሉ ከርመው ከሁላችንም ወፍረው አልፈውታል። የጎደልከው አንተ ነህ። ራት ሲቀርብ አሁንም ሳናውቀው ያንተን ቦታ ክፍት ትተን ነው የምንቀመጠው። በቀደም እኔ ረስቼ ተቀመጥኩበት። ሁሉም አዩኝና ተነሳሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ እንዳልነግርህ የደባርቅ ኔትወርክ እንዳንተ ሆኗል፤ ይመጣል ይመጣል ሲሉት ይቀራል። ደግሞም ከደብዳቤው ጋር የምልክልህ ካርታ አለ። የክፍል ጓደኛህ የነበረው ሙሌ አሁን የጎንደር ሚኒባስ ይነዳል፤ እሱ ጎንደር ያደርሰውና ለባሕር ዳር ሾፌር ያቀብልልኛል። በወረቀት መጻፌን መምሬ ዓለምብርሃን ሰምተው «ይህ ትውልድ በመጨረሻ ሰው ሊሆን ነው» ብለዋል። የደብዳቤውን ሆድ ዕቃ ቢያዩት ግን ምርቃታቸውን መልሰው ይወስዱት ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ደውለህ ያልከኝን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላምጠው ሰነበትኩ። የብስክሌት ማኅበራችሁ ክልሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ መንገድ እየነደፈ ነው አልከኝ። ከደጀን ተነስቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን አልፎ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር ላይ ያበቃል። ከጥምቀት በኋላ መንገዱ ሰላም ከሆነ ስድስት ሆናችሁ ትሞክሩታላችሁ። ለምን ጎንደር ላይ ያበቃል ስልህ፣ ከጎንደር በላይ ያለው አቀበት ነው፣ ውኃ የት እንዳለ፣ የት እንደሚታደር የሚያውቅ የለም አልከኝ። የሚያውቅ የለም? እዚህ ያለነው ታዲያ ከሰማይ በገመድ ወርደን ነው? ከዳር እስከ ዳር ብሎ ጎንደር ላይ ማቆም ቀሚስ ሰፍቶ አንገቱን መርሳት ነው።

እኔ ግን የፈራኸው አቀበት ኮሶዬ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አቀበቱ አባታችን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የአይሱዙውን ቁልፍ ሲሰጥህ አልፈልግም፣ ባሕር ዳር ሄጄ በብስክሌት እወዳደራለሁ ያልክ ቀን፣ «ሞተር በሌለው ነገር የሚሄድ ሰው ራሱ በቅሎ፣ ራሱ ጫኝ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ አታልፍም» ሲልህ እኔም ከበሩ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። አንተም በእልህ አምባ ጊዮርጊስን አለፍካት። ከዚያ ወዲህ ግን ተመልሰህ አላለፍካትም። አንተ በደወልክ ቁጥር አባታችን ወጥቶ የአይሱዙውን ጎማ በእግሩ ይመታል፤ ስልኩን ስንዘጋ ይገባል። ሦስት ዓመት እንዲህ የተረገጠ ጎማ እስካሁን አለመፈንዳቱ ይገርመኛል።

ስለዚህ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለውን መንገድ እኔ ልንደፍልህ ቆረጥኩ። ማኅበራችሁ በታኅሣሥ መጨረሻ ተሰብስቦ መስመሩን ይዘጋል ስላልክ ጥድፊያዬ ከዚያ በፊት እጅህ እንዲገባ ነው። መስመሩ ጎንደር ላይ ከቆመ አንተም ጎንደር ላይ ትቆማለህ። ደጃችን ላይ ካበቃ ግን ምን ታመጣለህ? መስመር ነው፤ ትከተለዋለህ።

መጠየቅ የጀመርኩት ከአባባ ያርጋል ነው። እማዬ «አባቴን ስለ መንገድ አትጠይቂው፣ ራት ይቀዘቅዛል» ብላኝ ነበር፤ አልሰማኋትም፣ ራቱም ቀዘቀዘ። እሳቸው በወጣትነታቸው እህል በበቅሎ ጭነው ጎንደር የወረዱ፣ ኋላም ሰሜን ተራራ፣ ጨነቅ ላይ፣ ለፈረንጅ በቅሎ ሲጎትቱ ያረጁ ሰው ስለሆኑ እውቀት ይጎድላቸዋል አልልም። ግን ገና ወቅን ሳንደርስ ከአስፋልቱ አስወጡኝ። አስፋልት የሚዞረው መኪና ሰነፍ ስለሆነ ነው ይላሉ። በሳቸው መንገድ አንዱን ገደል ወርደህ፣ ወንዝ ተሻግረህ፣ ወይራ ሥር አርፈህ፣ በቅሎህን አጠጥተህ ሌላውን ገደል ትወጣለህ። አባባ፣ ብስክሌት ውኃ አይጠጣም ስላቸው፣ «እንግዲያ በምን ጉልበቱ ሊሄድ ነው?» አሉኝ። የነገሩኝን ስልኬ ካርታ ላይ ባስገባው ስልኩ ራሱ ዞሮበት ጠፋ። በዚያ በኩል የመጣችሁ እንደሆነ ስድስታችሁም ብስክሌታችሁን ለጭላዳ ዝንጀሮ አውርሳችሁ በእግራችሁ ነው የምትገቡት።

መምሬ ዓለምብርሃን ደግሞ መንገድ የሚለኩት በዝክር ነው። በሃያ አንድ ማርያምን ጎንደር አንግሣችሁ ትነሳላችሁ፤ በሃያ ሦስት አምባ ጊዮርጊስ ናችሁ፣ ስሙም ቀኑም ገጠመ ማለት ነው። በሃያ ሰባት መድኃኔዓለምን ዳባት፣ በሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድን ወቅን ታከብራላችሁ፤ ወሩ በባተ በአንድ ልደታን ደባርቅ። በየደረሳችሁበት ዳቦና ጠላ ስላለ ስንቅ አያስፈልግም። አባ፣ የአንድና የሁለት ቀን መንገድ እኮ ነው፣ በዚህ ዓይነት ሳምንት አልፎት ሊሄድ ነው ስላቸው፣ «ብስክሌቱ እንደሁ አይሻግት፣ ምን አስቸኮላቸው?» ብለው ዘጉኝ። በሳቸው ዕቅድ ከመጣህ ደባርቅ ስትገባ ሆድህ ከፊተኛው ጎማ ይቀድማል። ብቻ አንድ ቁም ነገር ወስጄባቸዋለሁ፤ አምባ ጊዮርጊስ ማደሪያ ብታጡ የሳቸውን ስም ጠርታችሁ የምታድሩበት የዘመድ ቤት አለ፤ ካርታው ላይ አስቀምጬዋለሁ።

የሁሉም ሽማግሌ በሽታ ግን አንድ ነው። ምን ያህል ይርቃል ስትላቸው «ቅርብ ነው» ይሉሃል። ዳባት ቅርብ ነው። ጎንደርም ቅርብ ነው። ጎረቤታችን እማማ የሺወርቅ፣ ዳባት እኮ ድንች ጥደሽ ብትሄጂ ሳይበስል ትደርሻለሽ አሉኝ። በደባርቅ ብርድ ድንች ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ እያወቅሁ እንዴት እንዳመንኳቸው አላውቅም። «ቅርብ ነው» የማይል አንድ ሰው ቢኖር አባታችን ነው። ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ ሾፌርነት በጀመረ ሰሞን ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ዛሪማ ምን ያህል ቀረኝ ብሎ ጠይቆ፣ ቅርብ ነው ተብሎ አምኖ፣ በረሃ ላይ ቆሞ ያደረ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ እንደርሳለን ወይ ሲለው «ሩቅ ነው፣ ተኛ» ነው መልሱ። እማዬን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ እንኳ የልጅቷ አገር ቅርብ ነው ያሉትን ሽማግሌዎች በኪሎ ሜትር አርሟቸዋል ይባላል።

እኔ ግን የነዚያን ሁሉ «ቅርብ ነው» አምኜ መንገዱን ራሴ ልሞክረው ተነሳሁ። በአዲሱ ስትሄድ የተውከው አሮጌው ብስክሌትህ የአባታችን መጋዘን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው ያለው። ዝጎ አልቋል ብዬ ነበር። ሳወርደው ሰንሰለቱ ዘይት ጠግቧል፣ ጎማው አየር ሞልቷል። ማን ሲንከባከበው እንደከረመ አልጠየቅሁም። ቤታችን ውስጥ የሞተር ዘይት ያለው ሰው አንድ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጠርሙስ ውኃና ሁለት የተቀቀለ ድንች ይዤ ወደ ዳባት ወጣሁ። እስከ መናኸሪያ ድረስ የተባልኩትን ሁሉ ብጽፍልህ ወረቀት አይበቃኝም፤ አንዷ ሴትዮ የአሻግሬ ቤት በብስክሌት ተለክፏል፣ ጠበል ይውሰዷቸው እንጂ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከከተማ ስወጣ ግን ደስ ደስ አለኝ። ቁልቁለቱ ላይ ሻሼ እየበረረ፣ አጫጆቹ ማጭዳቸውን ከፍ እያደረጉ ሲሸኙኝ፣ ለካ ይህን ብሎ ነው የሄደው አልኩ ስለ አንተ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ዳባት የት ደረሰች እላለሁ። «ደረስሽ፣ ያቺ ባሕር ዛፍ ጋ ናት» ይሉኛል። ባሕር ዛፏ ጋ ስደርስ ሌላው ሰውዬ ሌላ ባሕር ዛፍ ያሳየኛል። ዳባት ዛፎቿን ነቅላ እየሸሸችኝ መሰለኝ። ከወቅን ወዲያ ውኃውም ድንቹም አለቀ። ነፋሱ ደግሞ ፊት ለፊት መጣ፤ ብስክሌቱን ብገፋው አልሄድ አለኝ። ወረድኩና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ አንተን አሰብኩ። ብቻህን፣ በዚሁ መንገድ፣ በዚሁ ነፋስ፣ ያን የአባታችንን ቃል በጆሮህ ይዘህ ስትሄድ። ማንን ጠየቅህ ይሆን? እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ይሆን? ዞረህ ወደ ደባርቅ አይተህ፣ አንድ ሰው በመጣ ብለህ ይሆን? አንተ የሄድክ ቀን እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስመለስ ቦታህ ላይ የጎማህ ዱካ ብቻ ነበር። ዓይኔ ውኃ አቀረረ፤ ነፋሱ ነው።

እዚያው አጠገብ ገብስ ሲያጭዱ የነበሩ ገዱ የሚባሉ ሰውዬ ውኃ በቅል ይዘውልኝ መጡ። ጠጣሁና የፈረደበትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ቅርብ ነው አሉኝ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና፣ አባቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቅርብ ነው ያላለኝ ሰው የለም፣ እስቲ እርስዎ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ አልኳቸው። ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሩቅ ነው ብልሽ መንገዱ ያጥርልሻል? ሩቅማ መሆኑን እግርሽ ነግሮሻል። እኔ ቅርብ ነው ያልኩሽ ልብሽ እንዲሰማ ነው።»

መልስ አጣሁ። እኔ መልስ አጣሁ እያልኩህ ነው፤ ይህን ጽሑፍ አስቀምጠው።

ቀና ስል የአባታችን አይሱዙ ቆሟል። እህል ሊጭን ወደ አምባ ጊዮርጊስ እየሄደ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እኔን አየ፤ ብስክሌቱን አየ። አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ በእጁ ወደፊት አመለከተኝ፤ ተነሺ፣ ሂጂ ማለቱ ነው። ከዚያ ቀድሞኝ ወጣና እንደ ኤሊ ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ እያሾፈብኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ኋላ ነው የገባኝ፤ የአይሱዙው ጀርባ ነፋሱን ከልክሎልኛል። እንደዚያ ሆኖ፣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ፣ እስከ ዳባት ድረስ ነፋሱን ተሸከመልኝ። ከኋላ የተሰለፈው መኪና ጥሩምባውን አቀለጠው። ሙሌም ከነሚኒባሱ እዚያ ውስጥ ነበርና አጠገቡ ደርሶ አንገቱን አውጥቶ፣ «ጋሼ አሻግሬ፣ ሰርግ ነው ወይስ ቀብር?» አለው።

አባታችን ፊቱን ሳያዞር «ልጅ እያደረስኩ ነው» አለ።

ዳባት ላይ ሻይ በዳቦ አበላኝና ብስክሌቱን ጭኖ እኔንም አስገብቶ ጉዞውን ቀጠለ። ይሰድበኛል ብዬ አንገቴን ቀብሬ ነበር የተቀመጥኩት። አምባ ጊዮርጊስ ልንገባ ስንል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ያ ልጅ ኮሶዬን በስንተኛ ማርሽ ነው የሚወጣት?» አለኝ። አንሙት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ አንተ የጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። አላውቅም፣ ራሱን ጠይቀው አልኩት። ማርሽ ቀየረ። እህሉን ጭነን ስንመለስ ግን መኪናውን እያቆመ ያሳየኝ ጀመር። እዚህ ጋ ምንጭ አለ፣ በበጋም አይደርቅም። እዚህ ጋ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ በጠዋት ይለፉት። ይህ ጎሚስታ እጁ ጥሩ ነው፣ አፉን አይስሙት። እዚህ መታጠፊያ ላይ ሾፌር አያይም፣ ቀያይ ነገር ይልበሱ። እኔ እየተጣደፍኩ ስጽፍ እሱ ለማንም እንደማይነግር ሰው ወደ መስኮቱ ዞሮ ነው የሚናገረው። ስምህን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራም። «እነሱ» ነው የሚለው።

ቤት ከገባሁ በኋላ ነው የእማዬ ነገር የገባኝ። ሰው መጥቶ ትልቁ ልጅሽ የት ነው ያለው ሲላት ሁልጊዜ «እዚሁ ባሕር ዳር ነው፣ ቅርብ ነው» ትላለች። እኔ እንደ ሞኝ ርቀት የማታውቅ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ስቄባታለሁ፤ አንዴ እንዲያውም በእንግዳ ፊት በኪሎ ሜትር አርሜያታለሁ፣ የአባቴ ልጅ አይደለሁ። ለካ ለእንግዳው አልነበረም የምትነግረው። ጋቢህን እሑድ እሑድ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ማንም ሳይለብሰው ለምን ታሰጪዋለሽ ስላት፣ መንገደኛ ሲገባ የሻገተ ጋቢ ሊለብስ ነው ወይ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ማሰጣቱን እኔ ነኝ የማግዛት።

ካርታው ይኸውልህ። ከጎንደር ጎህ ሳይቀድ ትነሱና ኮሶዬን በጠዋቱ ቅዝቃዜ ትጨርሷታላችሁ። የመጀመሪያው ቀን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ያበቃል፤ ኩራትህን እዚያ አሳድረው። በማግስቱ የወገራን ሜዳ ነፋሱ ሳይነሳ አቋርጣችሁ ዳባት ምሳ ትበላላችሁ፤ ከዚያ ወቅን፣ ከዚያ ደባርቅ። ሰማያዊ ነጥቦቹ ውኃ ናቸው። የጥቁር ቁልፍ ምልክቱ ጎሚስታው ነው። የአባባ ያርጋልን ገደሎች በነጠብጣብ መስመር አስገብቻቸዋለሁ፤ እንዳይቀየሙ ነው፣ እንዳትሄድባቸው። ቀዩ መስመር የሚያልቀው መናኸሪያው ላይ አይደለም፤ እኛ በር ላይ ነው። የበሩን እጀታ ሳይቀር ስየዋለሁ፤ አሁንም እንደተሰበረ ነው፣ ወደ ላይ ብድግ አድርገህ ግፋው።

እኔ ደግሞ እንደ ሽማግሌዎቹ አልዋሽህም። ሩቅ ነው። ኮሶዬ ያስለቅሳል፣ የወገራ ነፋስ በጥፊ ይማታል፣ ከወቅን ወዲህ ያለው ዳገት አያልቅም። ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው ና የምልህ። ለማኅበርህም ይህንኑ ንገራቸው፤ መንገዱ ታውቋል፣ ውኃው ተገኝቷል፣ ሰበብ አልቋል በላቸው።

አሁን የሁሉንም ሰላምታ ዞሬ ሰብስቤልሃለሁ። እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች፤ ጋቢው ንጹሕ ነው ብላለች። አባባ ያርጋል በሳቸው መንገድ ብትመጣ ይሻልህ እንደነበር አሳስበው፣ ሳይመርቁ አይቀሩምና መርቀውሃል። መምሬ ዓለምብርሃን በጸሎት እያሰቡህ ነው፤ በዓለ ወልድን ግን እንዳታልፍ ብለዋል። እማማ የሺወርቅ ድንቹን እጥደዋለሁ ብለዋል፤ አሁን ቢጥዱት ለጥምቀት ይደርሳል። አንተ ስትሄድ ሲሲ በጀርባ የምትታዘል ነበረች፤ አሁን አራት ዓመቷ ነው፣ ምላሷ እንደኔ ሆኗል። ፊትህን አታውቀውም። ብስክሌት የያዘ ሰው ባየች ቁጥር ግን «አንሙት መጣ» እያለች ወደ በር ትሮጣለች። ሁላችንም አይደለም እያልን፣ ሁላችንም ቀና እንላለን።

አባታችንን የጠየቅሁት መጨረሻ ላይ ነው። ደብዳቤውን ለማጠፍ ስሰናዳ የአይሱዙውን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሰላምታ ላክለት ያልኩት እንደሆነ ወደ ጎማው እንደሚሄድ ስለማውቅ የሾፌር ጥያቄ ጠየቅሁት። ከጎንደር እስከ ደጃችን በትክክል ስንት ኪሎ ሜትር ብዬ ልጻፍለት አልኩት። ከሱ የተሻለ የሚያውቀው ሰው የለም። ከኔ አልፎ መንገዱን ብዙ አየው።

«ቅርብ ነው በይው» አለኝ።

ናፋቂ እህትህ
የትናየት አሻግሬ

ደባርቅ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.